ከድል በኋላ የሚጻፍ ቃል

በጉለሌ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ዊንጌት የሚለውን ስም ይጠራል። ስሙ በ1933 ዓ.ም. በጎጃም ከአርበኞች ጋር ተሰልፎ ፋሺስትን ከወጋው እንግሊዛዊ መኮንን ከኦርድ ዊንጌት ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ከትምህርት ቤቱም ወደ ሰፈሩ የተላለፈ ነው። ይሁን እንጂ ከመንገደኞቹ መካከል የመኮንኑን ሐሳብ የሚያውቅ እምብዛም አይገኝም። ስም በሰፈር ይቀራል፤ ባለስሙ ከኑሮው የተማረው ግን ተጽፎ ካልተነበበ አብሮት ይቀበራል።

ታዲያ ከውድድር ሜዳ የተሰናበተ ስፖርተኛ ብዕር ሲያነሳ ለትውልድ ማቆየት የሚገባው ምኑን ነው? ታሪኩን ወይስ ምክሩን? በሦስት ኦሊምፒኮች ያሸነፈችው ኖርዌያዊት የበረዶ ላይ ተንሸራታች ሶንያ ሄኒ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመችው መጽሐፍ ሁለቱን አጣምራ አቅርባለች። ጥምረቱ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ታሪክ «እንዲህ ሆነ» ይላል፤ ምክር «እንዲህ አድርግ» ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው።

ለዚህ የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት ምስክር ነው። በ1952 ዓ.ም. ማብቂያ ሮም ላይ አዲሱ ጫማ ስላልተመቸው በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። በማግሥቱ የምክር መጽሐፍ ቢጽፍ ኖሮ «ጫማችሁን አውልቁ» የሚል ምዕራፍ ሊገባበት ይችል ነበር። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ግን የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው፣ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ዳግመኛ ድል አደረገ። የሮም ታሪክ እውነት ነው፤ ከእርሱ የሚቀዳው ምክር ግን ስሕተት በሆነ ነበር።

አሸናፊው ያደረገውን ሁሉ አድርጎ የተሸነፈ ብዙ ሰው አለ፤ የእርሱን መጽሐፍ ግን ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ ባለድሉ ዕድሉን እንደ ጥበብ ቆጥሮ እንዳያስተምር ሊጠነቀቅ ይገባዋል። «ያልተነካ ግልግል ያውቃል» እንደሚባለው፣ ምክር ክብደት የሚያገኘው መካሪው የተነካበትን ሲያሳይ ነው።

አበበ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ በጉዳት ምክንያት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሩጫውን አቋረጠ፤ ድሉም የማሞ ወልዴ ሆነ። በዚያው ዓመት በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ሆኖም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በእንግሊዝ አገር በቀስት ዒላማ፣ ከዚያም በኖርዌይ በበረዶ ላይ ጋሪ ተወዳደረ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ሲያርፍ ዕድሜው 41 ነበር። ታሪኩን ልጁ ጽጌ አበበ ጽፋ እ.ኤ.አ. በ1996 አሳተመች።

ለወጣቱ ከሁለቱ የወርቅ ሜዳሊያዎች ይልቅ የሚጠቅመው ምናልባት ያ የቀስት ውድድር ነው። ሜዳሊያውን የሚደግም ጥቂት ነው፤ መውደቅ ግን የሁሉም ዕጣ ነው። ስፖርተኛው ሊጽፍ ሲቀመጥ ያሸነፈበትን ብቻ ሳይሆን ያቋረጠበትንም ኪሎ ሜትር ሳይደብቅ ይጻፍ። ምክሩን አንባቢው ራሱ ያወጣዋል።