የንግድ ፈቃድና ሕሊና

በደብረ ማርቆስ አነስተኛ ሱቅ ወይም የልብስ ስፌት ቤት የሚከፍት ምእመን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያወጣል፤ በንግድ መዝገብ ይመዘገባል፤ የንግድ ሥራ ፈቃድ ይቀበላል፤ ግብሩንም በየዓመቱ ይከፍላል። አዋጅ ቁጥር 980/2008 ፈቃድ የሚጠይቅን ንግድ ያለ ፈቃድ መሥራትን ከልክሏል። ይሁንና «ካልተያዝሁ ምን ኃጢአት አለበት?» የሚል ጥያቄ በምእመናን ዘንድ ይሰማል።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ የጎጃም ገበሬ በተቃውሞ መነሣቱን አረጋውያን ያስታውሳሉ። ያለ አግባብ የተጫነ ግብር ፍትሕን ይበድላልና አቤት ማለት የዜጋ መብት ነው። ነገር ግን አቤት ማለትና መደበቅ አንድ አይደሉም። አቤት ባይ ስሙን አስታውቆ ይቆማል፤ የሚደበቅ ግን ድርሻውን በጎረቤቱ ጫንቃ ላይ ይጥላል። በመንገዱ ይሄዳል፣ ልጁን በመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ወጪውን ግን ፈቃድ አውጥታ ከጎኑ የምትነግድ መበለት ትሸፍናለች።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ግብር መክፈልን የግብረ ገብ ግዴታ ያደርገዋል፤ ግብር ማጭበርበርንም «አትስረቅ» ከሚለው ከሰባተኛው ትእዛዝ ጋር አያይዞ ይነቅፋል። ሐዋርያው ጳውሎስም መታዘዝ ከቅጣት ፍርሃት ብቻ ሳይሆን ከሕሊና እንዲሆን ያሳስባል (ሮሜ 13፥5)።

ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ይህን ስታስተምሩ ሸክሙን አታክብዱ። ቅጽ መሙላት የሚቸግረውን ወንድማችሁን እስከ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሸኙት፤ ተራው እስኪደርስም አብራችሁት ጠብቁ። ሕግን ማክበር በፍቅር ሲታገዝ ይቀላልና።