ትምህርት ቤቱን በግንቦት እዩት

ልጆቼ፣ የአዲስ አበባ ቤት ኪራይ ገፍቶ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ላስገባችሁ፣ የመጀመሪያ ልጃችሁም ሰባት ዓመት ሊሞላው ለተቃረበ ወላጆች ነው ይህን የምጽፈው። እዚያው ተወልዳችሁ ላደጋችሁትም ይሆናል። በማስተማር ያረጀሁ ሰው በመሆኔ ወላጆች ይጠይቁኛል፤ «ጋሼ፣ ሰፈራችን ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ይሆናል ወይስ እንደምንም ብለን ግል እናስገባ?» ይላሉ። «ገብታችሁ አይታችሁታል?» ስል አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። ያዩት አጥሩን ነው፤ የቀረውን ጎረቤት ነግሯቸዋል።

ገብታችሁ እዩት። የምትሄዱበት ጊዜ ደግሞ ግንቦት ይሁን። ወላጅ የሚራወጠው ነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜን ላይ ነው፤ ያን ጊዜ መምህሩ እረፍት ላይ ነው፣ ግቢው ጭር ብሏል፣ የምታዩት ቀለምና ቆርቆሮ ብቻ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ትምህርት ሳይዘጋ፣ በሥራ ቀን ጠዋት፣ ከመሥሪያ ቤት ግማሽ ቀን አስፈቅዳችሁ ሂዱ። ርዕሰ መምህሩን በትሕትና አነጋግሩ፤ ቢሮው ውስጥ ብቻ አስቀምጦ ሊመልሳችሁ ቢሞክር ግን እሺ አትበሉ።

ዋናው ማየት ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፦ የ2ኛ ክፍል ልጆች ያነባሉ ወይ? ሁለት ሦስት ልጆች ከመጽሐፋቸው አንድ አንቀጽ እንዲያነቡላችሁ ለምኑ። በቃላቸው የያዙትን ገጽ እንዳይሆን መሐል ላይ ግለጡ። ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር 2010 በአገራችን የታችኛ ክፍል ተማሪዎች የማንበብ ችሎታ ሲለካ፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶው ያህል አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻለ ታይቷል። የተፈተኑትም በሚማሩበት ቋንቋ እንጂ በባዕድ ቋንቋ አልነበረም። በዚያ ላይ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ለብዙ ዓመታት የኖረው አሠራር ነጻ ዝውውር ነው፤ ልጁ ቻለም አልቻለም ያልፋል። ካርዱ ላይ «ተዛውሯል» የሚለው ጽሑፍ ስለ ንባቡ ምንም አይነግራችሁም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙ አገሩ ሁሉ ደንግጦ ነበር። እኔ የደነገጥኩት ከዚያ በፊት ነው፤ መሠረቱ የሚናደው 2ኛ ክፍል ላይ መሆኑን ማንም የታችኛ ክፍል መምህር ያውቀዋል።

ቀጥሎ ቁጥሩን እዩ። መንግሥት ለአንድ ክፍል ያስቀመጠው ልክ 50 ተማሪ ነው። ከዚያ ጥቂት ቢያልፍ አትሽሹ፤ ሰማንያ ከደረሰ ግን ጎበዝ መምህርም ደብተር አርሞ አይጨርስም። ትምህርቱ በፈረቃ ነው ወይ? ከሆነ የእናንተ ልጅ ከሰዓት ሲሆን ጠዋት ማን ጋ ይውላል? መጽሐፉ ለሁሉም ደርሷል ወይስ ለሦስት አንድ? የ1ኛ ክፍል መምህርቷ ማን ናት፣ ስንት ዓመት አስተምራለች? ውኃ አለ? የሴቶች ሽንት ቤት ለብቻው ነው? ይዘጋል? የትምህርት ቢሮ ኢንስፔክሽን ትምህርት ቤቶችን ከ1 እስከ 4 ደረጃ ያወጣላቸዋል፤ ደረጃውን ጠይቁ። የአገሪቱ አብዛኛው ትምህርት ቤት ደረጃ 1 ወይም 2 ስለሆነ 2 ቢሏችሁ አትደንግጡ። ደረጃ 2 ሆኖ የሚያስነብብ መምህር ያለበት ትምህርት ቤት፣ ሕንጻው አምሮ መምህሩ በየሳምንቱ ከሚቀርበት ይሻላል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፣ ወደ ቋንቋው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የኦሮሚያ ከተሞች ናቸው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከለገጣፎ ለገዳዲና ከገላን ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሆነዋል። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ የኦሮሚያን ሥርዓተ ትምህርት ይከተላል፤ ማስተማሪያውም እስከ 8ኛ ክፍል አፋን ኦሮሞ ነው፣ በ1984 ዓ.ም. በጸደቀው በቁቤ የተጻፈ። አንዳንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የአማርኛ ክፍልም አለ፤ የእናንተው ጋ መኖሩን ጠይቁ። አዲስ አበባ ደግሞ አካሄዱ ሌላ ነው፤ ልጁ 7ኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል።

ቤታችሁ ውስጥ አፋን ኦሮሞ የሚነገር ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ልጁን በቋንቋው አስተምሩት። በፈረንጆች 2006 ትምህርት ሚኒስቴር ባስጠናው ጥናት፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ አስተምራለሁ የሚል ትምህርት ቤት ስላለ ብቻ ደመወዛችሁን አታራግፉ። «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» ማለት ማወቅ አይደለም።

በቤታችሁ አማርኛ ብቻ ከሆነ ግን ያው ጥናት በእናንተም ላይ ይሠራል፤ ልጁ የማያውቀውን ቋንቋ 1ኛ ክፍል ላይ ድንገት ሲገጥመው ዋጋ ይከፍላል። ይህን የሚሸፋፍንላችሁ ሰው አትስሙ። ዋጋውን ማቅለል ግን ይቻላል። እዚያ ልትኖሩ ከወሰናችሁ፣ ቤት ሠርታችሁ ከሆነ፣ ልጃችሁን ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብላችሁ እዚያው ትምህርት ቤት ኦ-ክፍል አስገቡት። ቋንቋውን ከሰፈር ልጆች ጋር በጨዋታ ይለቅመዋል፤ በስድስት ዓመቱ የለቀመው ዕድሜ ልኩን ይጠቅመዋል። እናንተም ቁቤውን ተማሩ። ፊደሎቹን በእንግሊዝኛ ታውቋቸዋላችሁ፤ ድምፃቸው ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ኤክስ «ጠ» ነው፣ ሲ «ጨ» ነው፣ ኪው «ቀ» ነው። ልጁ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲያምታታ የሚያርመው ሰው ቤት ውስጥ መኖር አለበት። የሚያምታታው ደግሞ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ አንዱን ፊደል በሁለት ድምፅ ሲማር ማንም ያምታታል።

ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ እንመለሳለን የምትሉ ከሆነ ደግሞ የአማርኛ ክፍል ያለበትን ፈልጉ፤ ካጣችሁና አቅም ካላችሁ የግሉን እዩ። የግሉንም ቢሆን በተመሳሳይ ዓይን እዩት፤ 2ኛ ክፍል ያስነብባል? የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተናን ልጆቹ በየትኛው ቋንቋ ይፈተናሉ? ይህን በግልጽ መመለስ የማይችል ትምህርት ቤት ገንዘባችሁን እንጂ ልጃችሁን አይፈልግም። ሁለት ክፍሎች ላይ ልጅ አታዛውሩ፤ 6ኛና 8ኛ ክፍል ላይ። በዚያ ዓመት መልቀቂያ ይዞ ከአንዱ ሥርዓተ ትምህርት ወደ ሌላው የሚሻገር ልጅ ያልተማረውን ይፈተናል።

ሦስተኛ መንገድ የሚመርጡ ብዙ ናቸው፦ እዚያ አድሮ አዲስ አበባ መማር። ምክንያቱ ይገባኛል። የአዲስ አበባ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቁርስና ምሳ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ይሰጣሉ፤ ለደሞዝተኛ ቤት ይህ ትንሽ አይደለም። አያት ቤት አስመዝግቦ ማስተማርም የተለመደ ሆኗል። ግን መንገዱን አስቡት፤ ከሰበታ በዓለም ገና አየር ጤና፣ ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሱሉልታ እንጦጦን ተሻግሮ አዲሱ ገበያ። ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ የታክሲ ወረፋ የሚይዝ የሰባት ዓመት ልጅ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። እንቅልፍ ያጣ ልጅ አያነብም። ታላቅ ወንድም ወይም እህት አብሮት የሚሄድ ካልሆነ፣ ከ5ኛ ክፍል በታች ላለ ልጅ ይህን መንገድ አልመክርም። በእግሩ ደርሶ የሚመለስበት መካከለኛ ትምህርት ቤት፣ በሁለት ታክሲ ከሚደርስበት ጥሩ ትምህርት ቤት ይበልጥበታል።

ልጁ ማየት የተሳነው ከሆነ ግን ርቀትን አትቁጠሩ፤ ሰበታ ላይ መርሐ ዕውራን አለ፤ የመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፣ ሄዳችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የመንግሥት ትምህርት ቤት ያስገባ ወላጅ፣ አስገብቶ ከጠፋ፣ የግሉን ክፍያ ያተረፈ መስሎት ልጁን ይከስራል። የወላጅና መምህራን ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ ሂዱ፤ አባቶችም ሂዱ፣ እናቶች ላይ ብቻ አትጣሉት። መምህርቷን በስም እወቋት። በኑሮ ውድነት የተፈተነች ሴት ናት፤ ስትቀር «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ የሚጠይቃት ወላጅ ያለበት ክፍል ውስጥ ብዙ አትቀርም። ማታ ማታ ልጁ ለሩብ ሰዓት ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ፤ የሚያነበውን ባትረዱትም አዳምጡት። ጥር ላይ ማንበብ ካልጀመረ ሰኔን አትጠብቁ፤ መምህርቷን ጠይቁ፣ እሷ ካልሰማች ርዕሰ መምህሩን። በዓመቱ መጨረሻ አሁንም ካላነበበ፣ እናንተም የበኩላችሁን ካደረጋችሁ፣ ያ ትምህርት ቤት ለልጃችሁ አይሆንምና ያለ ይሉኝታ አውጡት።

የልደት ምስክር ወረቀቱን ከአሁኑ አውጡ። ምዝገባ ላይ ይጠይቋችኋል፣ ጳጉሜን ላይ ደግሞ የወረዳው ሰልፍ ረጅም ነው።