ሚዛኑ በማን እጅ ይሁን?

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ «ጋሼ፣ የወሊድ መከላከያ የጡት ካንሰር ያመጣል አሉኝ፤ ልተወው?» አለችኝ። እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝ፤ የለመድኩት ቃል መመዘን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ 1.8 ሚሊዮን የዴንማርክ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ ሆርሞን ያለው መከላከያ አደጋውን በ20 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርጋል ይላል። ያስደነግጣል አይደል? ሲቆጠር ግን በዓመት ከ7,700 ያህል ተጠቃሚዎች አንዲት ተጨማሪ ታማሚ ማለት ነው። በሌላው የሚዛን ጎን ደግሞ ክኒኑ የእንቁላል እጢና የማህፀን ግድግዳ ካንሰርን ይቀንሳል።

ጡት ላይ እብጠት ከተገኘስ? አብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ ግን ሐኪም ሳያየው «ምንም አይደል» አይባልም።

ግማሹን እውነት ነግሮ ማስፈራራትም ሆነ ማጽናናት ያው ማታለል ነው። ያቺ አንዷም ሰው ናት። ቁጥሩን ሙሉውን እንስጣትና ሚዛኑን እሷው ትያዝ፤ ገላው የእሷ ነዋ!