ሰዓቱ ማንን ይለካል?

ሆሳዕና ገበያ ፈረስ ሲሸጥ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ገዢው ጥርሱን ያያል፣ ሰኮናውን ያነሣል፣ በመጨረሻም «እስቲ ጋልበው!» ይላል። በዚያች አንድ ግልቢያ ዋጋው ይቆረጣል።

በፈረስ እሽቅድድም ውርርድ በሚካሄድባቸው አገሮች ደግሞ ይኸው ሙከራ በሰዓት ይለካል። በአሜሪካ ጎሕ ሲቀድ ሰዓት ያዦች ሜዳው ዳር ቆመው የልምምዱን ሩጫ ይመዘግባሉ፤ ቁጥሩም ለተወራራጆች ታትሞ ይወጣል። ግማሽ ማይልን፣ ማለትም 800 ሜትር ያህል፣ በ48 ሰኮንድ የጨረሰ ጥሩ ሮጠ ይባላል።

ግን 48 ሰኮንድ ብቻውን ምን ይነግረናል? አንዱ በአለንጋ እየተገፋ፣ ሌላው ልጓሙ ተይዞ ሮጦ ይሆናል። ስለዚህ አዋቂ ተወራራጅ «ስንት ፈጀ?» ብሎ አያበቃም፤ «እንዴት ሮጠ?» ብሎ ይጨምራል።

እኔ ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ሳልጠይቅ በአንድ ጓደኛዬ ላይ ፈርጃለሁ። በአንድ ፈተና ዝቅተኛ ነጥብ ስላገኘ «ይኼ ሰነፍ ነው» ብዬ ከጥናት ቡድናችን አስቀረሁት። ሆሳዕና ውስጥ ከትምህርት በፊት በየማለዳው የአጎቱን ጋሪ ይነዳ እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው። ለካስ ልጓሙ ተይዞ ነበር የሚሮጠው!

መለካት ይቅር አልልም፤ ፈተናም ሰዓትም ያስፈልጋል። ነገር ግን ተወራራጁ ቢሳሳት የሚጎዳው የገዛ ኪሱ ነው፤ እኔ ስሳሳት የከፈለው ጓደኛዬ ነው። ታዲያ በራሱ ገንዘብ የሚጫወተው ሰው ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ በሌላው ዕድል የምንፈርደው እኛ እንዴት አንጠይቅም?