መድኃኒት በዕጣ ሲደርስ

ሚኒያፖሊስ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ የሚኖር ሐበሻ ከሐኪም ቤት አይርቅም። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አንዱ ክፍል እዚያው ሰፈሩ ውስጥ ነው፤ ሜሶኒክ የካንሰር ማዕከል ደግሞ ሚሲሲፒን ተሻግሮ። መንገዱ የሚረዝመው ሐኪሙ ጥያቄውን ሲያነሣ ነው። የኩላሊት ካንሰር ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ለተዛመተበት ሰው አዲስ ክኒን በሙከራ ላይ አለ፤ እሱን ያግኝ ወይስ የተለመደውን መድኃኒት የሚለየው ግን ዕጣ ነው። አማኝ በነፍሱ ላይ ዕጣ ይጣልበታል እንዴ?

ዕጣ ለክርስቲያን እንግዳ አይደለም። ማትያስ በይሁዳ ፈንታ ከሐዋርያት ጋር የተቆጠረው በዕጣ ነው፤ ዘካርያስም ሊያጥን ወደ ቤተ መቅደስ የገባው ዕጣ ደርሶት ነው። እርግጥ ሐዋርያት ዕጣ የጣሉት እግዚአብሔር የመረጠውን እንዲያሳያቸው ሲሆን፣ ተመራማሪዎች የሚጥሉት ማንም ሰው እንዳይመርጥ ነው፤ ሐኪሙ ያዘነለትን ወይም ጠንከር ያለውን በሽተኛ ወደ አዲሱ ክኒን እንዳያደላ። ሁለቱም ግን የሰው ዕውቀት እዚህ ላይ አበቃ ብለው ያምናሉ። ስለዚህ የሙከራ ዕጣ የሚጸድቀው አለማወቁ እውነተኛ ሲሆን ብቻ ነው። የትኛው እንደሚሻል እያወቀ ዕጣ የሚጥል ጨካኝ ነው።

ሶራፌኒብ የተባለው ክኒን ይህን በተግባር አሳይቷል። ካንሰሩ ደም ሥሮችን ወደ ራሱ ስቦ እንዳያበቅል የሚያግድ መድኃኒት ነው። 903 በሽተኞች ዕጣ ወጣላቸው፤ ግማሾቹ ሶራፌኒብን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበትን ክኒን ዋጡ። በ2005 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲታይ በሽታው ሳይብስ የቆየበት ጊዜ በመካከለኛው በሽተኛ (ሚዲያን) ሲለካ 5.5 ወር ለ2.8 ወር ሆነ። ያኔ ባዶውን ክኒን ይወስዱ የነበሩት ወደ መድኃኒቱ እንዲዛወሩ ተፈቀደ፤ ግማሽ ያህሉም ተዛወሩ። ምሕረቱ ዋጋ አስከፈለ፦ ከባዶው ክኒን ወገንም ግማሽ ያህሉ መድኃኒቱን ስለቀመሱ፣ ክኒኑ ዕድሜን በስንት ያራዝማል የሚለው ጥያቄ ደፈረሰ። ይደፍርስ! የቁጥር ጥራት ከሰው ነፍስ አይበልጥም።

ሌላው ክኒን ሱኒቲኒብ ነው። በ750 በሽተኞች ላይ ያኔ ከተለመደው የኢንተርፌሮን መርፌ ጋር ተወዳድሮ፣ በ2007 በታተመው ውጤት በሽታው ሳይብስ በማቆየት 11 ወር ለ5 ወር በለጠ። ከተሳታፊዎቹ ከአሥሩ ዘጠኙ ነጮች ነበሩ። ዛሬ ይህን ክኒን የሚውጥ ኢትዮጵያዊ የማያውቃቸው ሰዎች ውለታ አለበት። ውለታውን ለመመለስ ግን ግዴታ የለበትም፤ ተገዶ የሚሰጥ ነገር ስጦታ አይባልም።

ማስገደዱ ደግሞ ተረት አይደለም። በዚሁ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሙከራ ውስጥ የነበረ ወጣት በ2004 ሕይወቱ አለፈ። ልጁ ወደ ሙከራው የገባው ሕክምናውን ካልተከተለ ሆስፒታል የሚያስገባው የፍርድ ቤት ትእዛዝ በላዩ ሳለ ነው። እናቱ ደጋግማ ብትጮህም ሰሚ አላገኘችም። በ2009 ክልሉ እንዲህ ባለ ትእዛዝ ሥር ያለ ሰው በአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሙከራ እንዳይገባ የሚገድብ ሕግ አወጣ፤ በ2015 የክልሉ ኦዲተር ዩኒቨርሲቲውን ክፉኛ ነቀፈ። ፊርማ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም።

ከቤት የሚመጣው ግፊት ሌላ ነው፦ “ፀበሉ እያለ ክኒን ምን ያደርጋል?” የሚለው። ይህ ክርክር በእንጦጦ ፀበል ላይ ብዙዎችን ከኤችአይቪ መድኃኒት ያስቆመ ሲሆን፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ ተናግረዋል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበርን ያስተምራል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው ይላል። የሚከብደው ዝርዝሩ ነው። ፓዞፓኒብን የመሰለ የኩላሊት ካንሰር ክኒን በባዶ ሆድ ይወሰዳል፤ ይህ ለጿሚ የተመቸ ቢመስልም ውኃ ይጠይቃል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ነገሩን ከነፍስ አባቱም ከሐኪሙም ጋር ሊነጋገርበት ይገባል። ክኒኑን ዘልሎ “ወስጃለሁ” ማለት ግን ራስንም፣ ከኋላ የሚመጣውን በሽተኛም መዋሸት ነው።

ሙከራ የቀረበለት ሰው የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቅ፤ ሆስፒታሉ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጁን አስተርጓሚ አያድርግ። ወረቀቱን ወደ ቤቱ ወስዶ ያስነብብ፤ ከፈረመ በኋላም ቢሆን በማንኛውም ቀን መውጣት መብቱ ነው።