ከቅጠሉ በፊት ሥሩ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አንባቢያን! ጉንቁል የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። እናቶቻችን ባቄላውን በውኃ ዘፍዝፈው ያሳድሩታል፤ ከዚያም አጥልለው በጨርቅ ይሸፍኑታል። በሁለት በሦስት ቀን ከባቄላው ጫፍ ነጭ ነገር ብቅ ይላል። ብዙዎቻችን ቅጠል ሊሆን ያለ ቡቃያ ይመስለናል። አይደለም፤ ሥር ናት። አላህ (ሱ.ወ.) አስቀድሞ ያወጣው ለዐይን የሚያምረውን ሳይሆን አፈር ውስጥ የሚደበቀውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደረቁ ዘር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ተኝቶ የነበረው ሕይወት ይነቃል፤ የተከማቸው ምግብም መሟሟት ይጀምራል። የሥሯ ሕዋሳት በውኃ ተወጥረው ይረዝሙና ቅርፊቱን ቀድደው ይወጣሉ። ዘሩ ተገልብጦ ቢዘራ እንኳ ሥሯ ጎንበስ ብላ ወደ ታች ትዞራለች። በጫፏ ውስጥ ያሉ ደቃቅ የስታርች ቅንጣቶች ወደ ታች እየዘቀጡ አቅጣጫውን ያመለክቷታል። ዐይን የላት፣ መምህር የላት፤ መንገዷን ግን አትስትም። በሱረቱል አንዓም ዘርንና የተምር ፍሬን የሚሰነጥቀው እርሱ መሆኑን የነገረን ጌታ ጥራት ይገባው!

አሁን አንድ ነገር ልብ እንበል። ደረቅ ዘር በከረጢት ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ውኃ ነክቶት ሥሯ ሳትወጣ ቢደርቅም ብዙ ጊዜ ሌላ ቀን ይበቅላል። ሥሯ ከወጣች በኋላ ውኃ ቢቋረጥባት ግን ትሞታለች። ወደ ዘርነት መመለስ የለም።

ወንድሞችና እህቶች! በየዓመቱ በረመዳን በመስጂዶቻችን የምናየው ምንድን ነው? ለወትሮው የማናያቸው ወጣቶች ለተራዊሕ ይሰለፋሉ። አንዱ የውዱእን አደራረግ ከጓደኛው እያየ ይማራል፤ ሌላው ፋቲሓን አስተካክሎ ለመቅራት ይታገላል። እነሆ ሥር ወጥታለች! በዒድ ማግስት ግን ስማቸውን የሚጠይቅ የለም። ጫማቸውን ያለቦታው በማስቀመጣቸው የተቆጣቸው ብዙ ነው፤ «ልጄ፣ ከመግሪብ በኋላ ና፣ አንድ ሱራ አብረን እንቅራ» ያላቸው ጥቂት ነው። ሸዋል ሳይጋመስ ይጠፋሉ። እኛም «የዛሬ ልጅ!» እያልን እናማቸዋለን።

«ሂዳያ በአላህ እጅ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ዘሩን የሚሰነጥቀውም አላህ ነው፤ ገበሬው ግን ይህን ስላወቀ ውኃ ማጠጣቱን አይተውም።

ለሚናራ ገንዘብ ስናዋጣ ደስ ይለናል፤ መልካም ሥራም ነው፤ ከሩቅ ይታያል። አንድን ወጣት በሳምንት ሁለት ቀን ማስቀራት ግን ማንም አያይልንም፤ ስማችንም በድምፅ ማጉያ አይጠራም። ሥር እንዲህ ናት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከሥራ ሁሉ አላህ ዘንድ ተወዳጁ ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው መሆኑን አስተምረውናል። ጎርፍ አልተጠየቅንም፤ ያልተቋረጠች ጠብታ እንጂ።

እንግዲህ እያንዳንዳችን ባለፈው ረመዳን አጠገባችን የሰገደውን ልጅ እናስታውስ። ዛሬ የት ነው? ሳይደርቅ እንፈልገው።

አላህ ልቦቻችንን በዲኑ ላይ ሥር የሰደዱ ያድርግልን። አሚን! ወላሁ አዕለም።