ሰው ያልዘራት አበባ

ሰው በእጁ የተከለውን ዛፍ ቢያጥር፥ በገንዘቡ የገዛውን ከብት ቢጠብቅ፥ ጥቅሙን ጠበቀ ይባላል እንጂ በጎ ሠራ አይባልም። ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ ወዲያ ነው። ሰው ላልዘራው፥ ለማይበላውና ገበያ ለማያወጣለት ነገር ዕዳ አለበትን? ይህን ለመመርመር በእንግሊዝ አገር በወንዝ ዳር የምትበቅል አንዲት ትንሽ አበባ በቂ ምስክር ትሆናለች።

አበባዪቱ ፍሪቲላርያ ትባላለች። ያልፈነዳው እንቡጧ ጐንበስ ብሎ ሲታይ የእባብ ራስ ስለሚመስል፥ የአገሩ ሰዎች በዚሁ ስም ይጠሯታል። ቁመቷ ከአንድ እስከ ሁለት ስንዝር ያህል ነው፤ ቅጠሏ ቀጭን፥ ሥሯም እንደ ትንሽ ሽንኩርት ራስ ነው። በኤፕሪል ወር ስታብብ እንደ ደወል ወደ ታች ትደፋለች። መልኳ ሐምራዊ ሆኖ፥ እንደ ሰንጠረዥ ገበታ ፈዘዝና ጠቈር ባሉ አራት ማዕዘኖች የተከፋፈለ ነው፤ ከመካከላቸው ነጭ የሆኑም ይገኛሉ። ሊቃውንት በላቲን ስሟ ላይ «መለአግሪስ» የሚለውን ቃል የጨመሩት ዝንጕርጕርነቷ የጅግራ ላባ ስለሚመስል ነው። ፍሬ በያዘች ጊዜ የተደፋው አንገቷ ቀና ይላል፤ ዘሯም ቀላል ስለ ሆነ የሞላ ውሃ አንሳፎ ይወስደዋል። ነገር ግን ከዘር ተነሥታ እስክታብብ ድረስ 4 ዓመት ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ይፈጅባታል። ሥሯም መርዝ ስላለበት ለመብል አይሆንም።

መኖሪያዋ ጨፌ ነው፤ ይኸውም በብርድ ወራት ወንዙ ሞልቶ የሚያጥለቀልቀው፥ በሙቀት ወራት ውሃው የሚሸሽለት የሣር መስክ ነው። መሬቱን አጠንፍፈው ቢያደርቁት ትጠፋለች፤ ውሃው ከልክ በላይ ቢተኛበትም ሥሯ ይጐዳል። ሰው ማዳበሪያ ቢጨምርበት የወፈረው ሣር ያንቃታል። ሰው ፈጽሞ ቢተወው ደግሞ ሣሩና ቍጥቋጦው ይውጣታል። ስለዚህ እርስዋን የሚያኖራት ትክክለኛ ሥራ በትክክለኛ ጊዜ ሲሠራ ብቻ ነው።

በዊልትሸር አውራጃ፥ በክሪክሌድ ከተማ አጠገብ፥ በቴምዝና በቸርን ወንዞች መካከል «ሰሜን መስክ» የሚባል 44 ሄክታር ያህል የሚሰፋ ጨፌ አለ። በብሪታንያ በዱር ከሚበቅሉት ፍሪቲላርያዎች ከአምስት እጅ አራቱ በዚህ መስክ እንደሚገኙ ይገመታል። ይህም የሆነው ስለ መሬቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ሥርዓቱ ነው። ሣሩ ባለ ዕጣዎች አሉት፤ የዕጣቸውም ወሰን በድንጋይ ተለይቶ ነበር። ዘር ሳይረግፍ ማንም ማጭዱን አያነሣም። ድርቆሹ ከተሰበሰበ በኋላ፥ ከኦገስት 12 እስከ ፌብሩዋሪ 12 ቀን ድረስ መስኩ የወል ግጦሽ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ሣሩ እንዲያድግ ከብቱ ይወጣል።

የቀኑም ምክንያት ጥንታዊ ነው። ላማስ የሚባለው በዓል፥ ከአዲሱ ስንዴ የተጋገረው የመጀመሪያ ኅብስት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚቀርብበት፥ በኦገስት 1 ቀን ይውል ነበር። እንግሊዞች በ1752 (ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የቀን ቈጠራቸውን ሲለውጡ 11 ቀን ስለ ዘለሉ፥ አሮጌው ላማስ በ12ኛው ቀን ላይ ዋለ። ከብቱም አሮጌውን ቀን ይዞ ቀረ።

ልብ ሊባል የሚገባው እነሆ ይህ ነው። ሥርዓቱ የቆመው ለአበባዪቱ ተብሎ አልነበረም። የቆመው አንዱ የሌላውን ሣር እንዳያስበላ፥ ላም ያለውም ሰው ግጦሽ እንዳያጣ ነው። አበባዪቱ በሰዎች ፍትሕ ጥላ ሥር ተጠልላ ኖረች፤ እነርሱ እርስ በርሳቸው ሲተሳሰቡ፥ ያላሰቧት ለምልማ ተገኘች።

ተቃዋሚ ግን እንዲህ ሊል ይችላል፦ «የተራበ ሕዝብ አበባ አይበላም፤ ጨፌ ታርሶ ስንዴ ቢዘራበት ምን ክፋት አለው?» ይህ ቃል በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ከ1939 እስከ 1945 በነበረው ጦርነት ብዙ የእንግሊዝ መስክ ታረሰ፤ ምግብ በመርከብ መግባቱ አስጊ ሆኖ ነበርና፥ ያረሰውን ገበሬ የሚኰንን ፈራጅ አይኖርም። ሆኖም የምግብ ራሽን በ1954 ሲቀር ማረሱና ማድረቁ አልቀረም። ከ1930ዎቹ እስከ 1984 ባለው ዘመን በእንግሊዝና በዌልስ ከነበረው ባለ አበባ የቈላ መስክ ከመቶ 97 እጅ ጠፋ። ከጥፋቱ ታላቁ ክፍል የመጣው ከረኀብ አይደለም፤ ችግር የፈቀደውን ነገር ችግሩ ካለፈ በኋላ እንደ ልማድ ከመያዝ ነው። ክፉ ቀን ያስተማረውን በደኅና ቀን የማይመረምር ሰው፥ ቀኑ ቢያልፍም ክፋቱን ይዞት ይኖራል።

ሰሜን መስክ በ1973 በመንግሥት የተጠበቀ ስፍራ ሆነ። ጠባቂዎቹ ግን አዲስ ብልሃት አላመጡም፤ የቀድሞውን ሥርዓት፥ አጨዳውንና ግጦሹን፥ በየጊዜው እንዲቀጥል አደረጉ እንጂ። አጥር ብቻውን አያድናትምና።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይገኛል። ሰው ላልዘራው ነገር ዕዳ አለበት፤ ዕዳውም ብዙ ጊዜ ከባድ አይደለም። ጥቂት ሳምንት ማጭድን ሰቅሎ መቈየት፥ ቀን ሲደርስም ለባልንጀራ ቦታ መልቀቅ ነው። ሣሩ ለአጫጁ አይጐድልበትም፤ ከብቱም ተራው ይደርሰዋል። በችኰላ አንድ ዓመት ቀድሞ የሚገኘው ድርቆሽ ግን፥ ለማበብ ዓመታት የሚፈጅባትን ዘር አስቀድሞ ይቈርጣል። መታገሥ የሚችል ሰው ያልዘራውን ሲያብብ ያያል፤ የማይታገሥም የዘራውን ብቻ ያጭዳል።